77 ኪሎ ከነልብሴ

እናቴ በደወልኩ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ክብደቴ ነበር። «ከሳህ እንዴ? ድምፅህ ከስቶብኛል» ትለኛለች። ድምፅ እንዴት እንደሚከሳ እሷ ታውቃለች። እኔም «ኧረ እማዬ፣ ወፍሬልሻለሁ፤ ብታዪኝ አታውቂኝም» እላታለሁ። በ2007 እ.ኤ.አ. ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከሦስት ልጆች ጋር ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተጋርቼ እየኖርኩ፣ ሌሊት ሌሊት ዋሽንግተን መሃል ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ እየሠራሁ፣ 68 ኪሎ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ስወጣ 74 ነበርኩ። እውነተኛ ክብደቴን ለማንም ሳልናገር ሦስት ዓመት ቆይቼ፣ መጀመሪያ ያወጣሁት በስልክ ላነጋገርኩት፣ ፊቱን አይቼው ለማላውቅ የሞተር ሳይክል ሾክ ሻጭ ነው።

ሥራ የምጨርሰው ሜትሮ ባቡሩ ከቆመ በኋላ ስለነበር ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ምክንያቴ ይህ ነው ብዬ ለሰው እናገራለሁ፤ እውነቱ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እወድ ነበር። የ2003 ሞዴል ሱዙኪ ኤስቪ650ኤስ፣ ሰማያዊ፣ 24 ሺህ ማይል የሄደ። ኤስቪ በ1999 ሲወጣ ባለ ካርቡሬተር ነበር፤ ነዳጁን በኢንጄክሽን የሚረጨው ሁለተኛው ትውልድ የመጣው በ2003 ነው። ኢንጂኑ 645 ሲሲ፣ ሁለቱ ሲሊንደሮች በ90 ዲግሪ እንደ ቪ ፊደል ተከፍተው የተቀመጡ። የዚያን ኢንጂን ድምፅ አንዴ የለመደ ጆሮ ከመቶ ሞተር መሃል ይለየዋል። ዋጋው ለእንደኔ ዓይነቱ ኪስ እንዲመች ሆኖ የተሠራ ስለነበር ግን የኋላው ሾክ፣ ማለትም ሞላውና አሞርዛተሩ፣ ቀለል ያለ ነበር። የሚስተካከለው የሞላው ውጥረት ብቻ ነው፤ ሰባት ደረጃ አለው። ሞላው ሲጨመቅ ወይም ሲመለስ የሚገታውን ዘይት የምታጠብቅበትም የምታላላበትም ብሎን የለውም። ሲያረጅም ተፈትቶ ዘይቱ እንዲቀየር ተብሎ የተሠራ አይደለም።

ስለ ሾክ ያወቅኩት አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ነው። አጎቴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ትንሽ ጋራዥ ነበረው፤ ክረምት ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ቁልፍ አቀባዩ እኔ ነበርኩ። ጋሼ መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት አንዱን ጥግ በሁለት እጁ ወደ ታች ተጭኖ ይለቅቅና ዝም ብሎ ያያል። ወርዳ፣ ወጥታ፣ ቀጥ ካለች ደህና ናት። ወጥታ እንደገና ከወረደች ግን «አሞርዛተሯ አልቋል» ይላል፤ ባለቤቱ ገና ችግሩን ሳይናገር። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሞላና አሞርዛተር ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ሞላ ይሸከማል፤ አሞርዛተር ያረጋጋል። ሞላ ብቻውን ከሆነ የተሸከመውን መልሶ ይወረውረዋል፤ ገባህ የኔ ልጅ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፤ ከዚህ አጥርቶ የጻፈው አላጋጠመኝም።

ኤስቪን በገዛሁ በሳምንቱ መቀመጫዋን ተጫንኩና ለቀቅኩ። ወረደች፣ ወጣች፣ ወረደች፣ ወጣች። ጋሼ አጠገቤ የቆመ መሰለኝ።

ፓርኪንጉ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ፣ ከአስመራ የመጣ፣ በልጅነቱ ብስክሌት ይወዳደር የነበረ ጓደኛ ነበረኝ። እንደ አስመራ ልጅነቱ ብረት ነገር ሁሉ በጣሊያንኛ ስሙ ነው የሚጠራው፤ «አሞርቲዛቶሪ» ሲል የአጎቴ ቃል ልብሱን ቀይሮ የመጣ ይመስለኝ ነበር። «ያረጀ ነው፤ ሌላ ፈልግለት» አለኝ እሱም። ፈለግኩ። አንድ ሰው ከውድድር ሞተር ላይ የወለቀ፣ በጎኑ የራሱ የዘይት ጋን ያለው፣ አንጸባራቂ ሾክ በርካሽ ሸጠልኝ። «ለውድድር የተሠራ ነው» አለኝ፤ ልክ ነበር። ማንን ተሸክሞ ይወዳደር እንደነበር አልጠየቅኩትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቨርጂኒያ ተራሮች መውጣት ልማዴ ነበር። ስካይላይን ድራይቭ በሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሸንተረር ላይ 105 ማይል ይጓዛል፤ የፍጥነት ገደቡ 35 ማይል ስለሆነ የሚነዳው ለዓይን ነው። ለእጅና ለልብ ከስፐሪቪል ተነስቶ በቶርንተን ጋፕ በኩል አቋርጦ ወደ ሉሬይ የሚወርደው 211 መንገድ ይበልጣል፤ ሽቅቡም ቁልቁለቱም እንደ ጥምጥም የታጠፈ ነው። አዲሱን ሾክ ያስገባሁ ሰሞን ወደ ሉሬይ ስወርድ፣ አንድ የቀኝ መታጠፊያ ላይ አስፋልቱ ተቆርጦ የተለጠፈበት ቦታ ነበር። ከዚያ በፊት ሃያ ጊዜ ያለፍኩበት ነው። የፊት ጎማው አለፈ። የኋላው እንደተረገጠ ድንጋይ ነጠረ፤ መሬቱን ለቀቀ፤ ተመልሶ ሲያርፍ ከነበረበት መስመር አንድ ክንድ ወደ ውጭ ሸሽቶ ነው። የመንገዱን መሃል ቢጫ መስመር አልፌ ወደ ሌላው ወገን ገባሁ። ከፊት ለፊት መኪና አልነበረም። የመንገዱ ዳር ላይ ቆሜ መነጽሬን ሳወልቅ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ከስር ሉሬይ ሸለቆ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል። ጎማ መሬት የሚነካው በመዳፍ ስፋት ብቻ ነው፤ እኔ በዚያች ቅጽበት ያችንም አጥቻት ነበር።

በማግስቱ ሌሊት ለጓደኛዬ ነገርኩት። ሳይሳደብ፣ ሳይመክር፣ «ሜትር አለህ?» አለኝ።

ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት ይሆናል። የመጨረሻው መኪና ወጥቷል፤ ፍሎረሰንቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከጣሪያው ቧንቧ ጠብ ጠብ የሚል ውኃ አለ። ይህ ልኬት ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ ሦስተኛው የሌሊት ጥበቃው ነበር። በጅራቷ ላይ፣ ከኋላው ጎማ ፐርኖ (ጎማው ከሚዞርበት ዘንግ) በቀጥታ ሽቅብ፣ ነጭ ፕላስተር ለጠፍን። መጀመሪያ ጅራቷን አንስተን ጎማው ተንጠልጥሎ እግሯ እስከ መጨረሻ ሲዘረጋ ለካን፤ ከፐርኖው እስከ ፕላስተሩ 572 ሚሊ ሜትር። ከዚያ በራሷ ክብደት ብቻ አቆምናት፤ 556። ቀጥሎ እኔ ጃኬቴን፣ ቦቴንና ሄልሜቴን እንዳደረግኩ ወጣሁ፤ ጥበቃው መሪውን ይዞ ቀጥ አደረጋት፤ እግሬን መርገጫው ላይ ሰቀልኩ፤ ጓደኛዬ ተንበርክኮ አነበበ፤ 538። ብረት በብረት ላይ ሲፋተግ ስለሚይዝ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ አድርገን ደግመን ለካን፤ ያው ነው።

ሞተሩ ተሳፋሪውን ሲሸከም የሚሰምጥበትን መጠን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ሳግ» ይሉታል። መጀመሪያ ስሰማው ደነገጥኩ፤ በኛ ሳግ ከደረት ተነስቶ ጉሮሮ ላይ የሚተናነቅ ነው፤ ሸክም የበዛበት ሰው ቃል ሊያወጣ ሲል የሚቀድመው። ቃላቱ አይዛመዱም፤ ግጥምጥሞሽ ነው። ለኔ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ተለያይተው አያውቁም።

ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ስናስቀምጥ ነገሩ ተገለጠ። ከእኔ ጋር የሰመጠችው 34 ሚሊ ሜትር ነው። ለመንገድ የሚነዳ ስፖርት ሞተር በኋላ በኩል ከ30 እስከ 35 ቢሰምጥ ይመከራልና ያንን ብቻ ያየ ሰው «ልክ ነው» ይላል። ሁለተኛው ቁጥር ግን እውነቱን ተናገረ። ማንም ሳይቀመጥባት፣ በራሷ ክብደት ብቻ፣ 16 ሰምጣለች፤ ከ5 እስከ 10 ነበር መሆን ያለበት። እኔ ስቀመጥ የጨመረው 18 ብቻ ነው። ይህ የሚሆነው ሞላው ከሚገባው በላይ ጠንካራ ሲሆንና የመስመጡን መጠን ለማስተካከል ሲባል ውጥረቱ ሲላላ ነው። በተቃራኒው ደግሞ የደከመ ሞላ እስኪበቃው ተወጥሮ 34ን ሊያመጣ ይችላል፤ ያኔ በራሷ ክብደት ጨርሶ ላትሰምጥ ትችላለች። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ያላነበበ ሰው ሞላ አይምረጥ እላለሁ። ያ የውድድር ሾክ ከመቶ ኪሎ በላይ ለሚመዝን ሰው የተሰናዳ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሞላው የእኔን መኖር ከምንም አልቆጠረውም።

ከዚያ ምርጫው ተጀመረ። የሥራ ሰዓቴ ረጅም ነው፤ ሌሊቱን በንባብ ገፋሁት። ከሁሉ የሳበኝ የሾክ ታሪክ ነበር። ዘይት ውስጥ የሚመላለስ ፒስተን ሲደጋግም ዘይቱ ይሞቃል፤ ከአየር ጋር ከተቀላቀለ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ምንም አይገታም። ክርስቲያን ቡርሲዬ ደ ካርቦን የሚባል ፈረንሳዊ በ1950ዎቹ ዘይቱን በታመቀ ጋዝ መግፋት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ጥሩ ሾክ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በ10 ባር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይታመቃል፤ የመኪና ጎማ አየር ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከዚያ ሉሲየን ቲልከንስ የሚባል ቤልጂጋዊ መሐንዲስ ግራና ቀኝ የነበሩትን ሁለት ሾኮች ትቶ አንድ ብቻ መሃል ላይ አስገባ፤ ያማሃ ሐሳቡን ገዛው፤ በ1973 ስዊድናዊው ሀካን አንደርሰን በዚያ የ250 ሲሲ ሞቶክሮስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በኔዋ ሱዙኪ ሆድ ውስጥ ያለው አንድ ሾክ የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

እውነቱን ለመናገር ልቤ የነበረው ኦህሊንስ የሚባለው ሾክ ላይ ነበር። ቢጫው ሞላ፣ ወርቃማው አካል። ኬንት ኦህሊን በ1976 ስዊድን ውስጥ የጀመረው ሥራ በሁለት ዓመቱ፣ በ1978፣ ጌናዲ ሞይሴየቭን የሞቶክሮስ ሻምፒዮን አድርጎታል። ያንን ቢጫ ቀለም ማታ ዓይኔን ስጨፍን አየው ነበር። ግን ከ211 በኋላ ስም መግዛት ፈራሁ። ለራሴ የጠየቅኩት ሌላ ጥያቄ ሆነ፤ ይህን ዕቃ ከሦስት ዓመት በኋላ ማን ይፈታልኛል? ሞላው ካልተስማማኝ ማን ይቀይርልኛል? ፔንስኪ የሚባሉት ሾኮች የሚሠሩት ሬዲንግ፣ ፔንሲልቫኒያ ነው፤ ከኔ ቤት የሦስት ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። ለእያንዳንዱ ገዢ ክብደቱንና አነዳዱን ጠይቀው ያሰናዳሉ። የሰው ልብስ ለለበሰ ሰው ልብስ ሰፊ ማግኘት ማለት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ የፔንስኪ ሻጭ ደወልኩ። ሰውየው ትዕግሥተኛ ነበር። የሞተሩን ዓመት ጠየቀኝ፤ ለመንገድ ወይስ ለውድድር ሜዳ፤ ከኋላ ሰው ትጭናለህ ወይ፤ በመጨረሻም «ከነልብስህ ስንት ትመዝናለህ?» ሳላስበው «185 ፓውንድ» አልኩት። 84 ኪሎ ማለት ነው። ለእናቴ የምነግራት ሰውዬ ክብደት ነው፤ ምላሴ ላይ የተዘጋጀው እሱ ነበርና። ሰውየው ጻፈ፤ አመሰገነኝ፤ ስልኩን ዘጋሁ።

ያን ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ አእምሮዬ እምቢ አለኝ። አንዱን የተሳሳተ ሞላ አውጥቼ፣ በሁለት ወር የቤት ኪራይ ድርሻዬ ሌላ የተሳሳተ ላስገባ ነው። ሲነጋ የቤት ጓደኛዬን ሚዛን ከአልጋው ሥር ጎትቼ ጃኬት፣ ጓንት፣ ቦት፣ ሄልሜት ሁሉንም ለብሼ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆምኩበት። ሄልሜት እንዳጠለቅኩ ወደ እግሬ ለማየት አንገቴን ስደፋ ሚዛኑ ይወዛወዛል። 170 ፓውንድ። 77 ኪሎ። ልብሱን አንድ በአንድ አወለቅኩና ደግሜ ወጣሁ፤ 68። ብቻዬን ቆሜ ያንን ቁጥር አየሁት። ከዚያ ደወልኩና «ትላንት የነገርኩህ ትክክል አይደለም፤ 170 ነው» አልኩ። «ደግ አደረግህ» አለኝ፤ ምንም አልጠየቀኝም።

ዕቃው በአምስተኛው ሳምንት መጣ። ፓርኪንጉ ውስጥ፣ በሁለት መሰላል መካከል ወፍራም ቱቦ አጋድመን የኤስቪን ጅራት በገመድ አንጠለጠልናት። አሮጌውን ስንፈታ ሾኩን ከጎማው ክንድ ጋር የሚያገናኙት ቁራጮች ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎች ግሪሳቸው ደርቆ ዝገት ይዘው አገኘናቸው። ጓደኛዬ ጣቱን አስገብቶ አዞረና ፊቱን አጨማደደ። ማንም ያንን ሳያጸዳ ውድ ሾክ ቢያስገባ ገንዘቡን ጣለ። አጽድተን፣ ግሪስ ሞልተን፣ አዲሱን አስገባን፤ ደግመን ለካን። በራሷ 8፣ ከእኔ ጋር 33። ጓደኛዬ ሜትሩን ጠቅልሎ «በል እንግዲህ፣ አወቀህ» አለኝ።

የቀረው ዘይቱን ማስማማት ነበር፤ ይህ ወራት ፈጀብኝ። ከታች ያለችው ቀለበት ሞላው ሲመለስ የሚገታውን ዘይት ታዛለች፤ እስከ መጨረሻ ትዘጋትና ክሊክ ክሊክ እያልክ ወደ ኋላ ትቆጥራለህ። ከላላች ሞተሩ እንደ ኳስ ይነጥራል። ከጠበቀች የባሰ ነው፤ ሞላው ከአንዱ ጉብታ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበታል፣ ሦስተኛው ይጨመርበታል፣ ጅራቱ እየሰመጠ እየሰመጠ ሄዶ ምንም የማይቀበል ግንድ ይሆናል፤ ነጂው ደግሞ ሞላው ደረቀ ብሎ ሌላ ነገር ይነካካል። የመጨመቂያው ደግሞ ሁለት ብሎን አለው፤ አንዱ ለዝግታ፣ አንዱ ለፍጥነት። ብዙ ሰው ይህን የመንገድ ፍጥነት ይመስለዋል። የፒስተኑ ፍጥነት ነው፤ በ100 ማይል ቀስ ብለህ ነዳጅ ብትሰጥ ፒስተኑ በዝግታ ይሄዳል፤ በ20 ማይል ጉድጓድ ብትገባ ይወረወራል። ትንሽ ደብተር ገዛሁ። አንድ ቀን አንድ ብሎን ብቻ፣ ሁለት ክሊክ ብቻ፣ ያው መንገድ፣ ያው የጎማ አየር። ደብተሩ ጥግ ላይ የቅዳሴ ቀኖችና የሐዋላ ቁጥሮች አብረው ተጽፈዋል።

በጥቅምት፣ ቅጠሉ ቀይ በሆነ ጊዜ፣ በዚያች በተለጠፈች መታጠፊያ አለፍኩ። ከመድረሴ በፊት ትከሻዬ ተወጥሮ ነበር። ጎማው ልጥፉን ወጣ፣ ወረደ፣ ቀጥ አለ። መቀመጫው ሥር «ጡብ» የምትል ለስላሳ ነገር ብቻ ተሰማኝ፤ ሞተሯ መስመሯን አልለቀቀችም። ሄልሜቴ ውስጥ ሳግ ተናነቀኝ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ አሁንም ለመናገር ይከብደኛል።

ሉሬይ ላይ አንድ መንገደኛ ከሞተሯ ጋር ፎቶ አነሳኝና ለእናቴ ላክሁላት። ሞተር እንደምነዳ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ስልኩን አንስታ ትንሽ ዝም አለችና፣ «የወፈረው ሞተሩ ነው፤ አንተማ ከስተሃል» አለችኝ። «አዎ እማዬ፣ 68 ነኝ» አልኳት። በስልክ ባነጋገርኳት ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ቀን ረጅም ሰዓት አውርተን አናውቅም፤ ምን እንደምበላ፣ መቼ እንደምተኛ፣ ወረቀቴ የት እንደደረሰ፣ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት።

በ2010 ሾኩን ለእድሳት ሳስረክብ ባለሙያውን ማየት እችል እንደሆነ ለመንኩት፤ ፈቀደልኝ። ናይትሮጅኑን አስተነፈሰ፤ ፈታው፤ እንደ ጥቁር ቡና የጠቆረ ዘይት ወደ ሳህን ወረደ። ፒስተኑ ከጣሳ ክዳን አይበልጥም። በላዩና በሥሩ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ክብ የብረት ቅጠሎች፣ ሰፊው ከታች ጠባቡ ከላይ ሆነው ተደርድረዋል። ዘይቱ ሲገፋቸው ጎንበስ ብለው ያሳልፉታል፤ የአነዳዱ ጠባይ ሁሉ እነዚያ ምን ያህል እንደሚጎነበሱ ነው። አንዷን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ነፋስ ቢነሳ ትበራለች። ያ ሁሉ ተራራ በእሷ ላይ አልፏል።

ኤስቪን በ2014 ሸጥኳት፤ ልጅ ሊወለድልን ነበር። የገዛት ሰው ግዙፍ ነው፤ ሾኩ ከሷ ጋር ይሂድ ግን ሞላው ላንተ አይሆንም፣ ለክብደትህ የሚሆነውን እዘዝ አልኩት። ደብተሩንም ሰጠሁት፤ የሐዋላ ቁጥሮቹን ገጾች ቀድጄ። በወሩ አንድ ከባድ ካርቶን በፖስታ ደረሰኝ፤ አዲሱን ሞላ ሲያስገባ አሮጌውን መልሶልኛል። ዛሬ የመጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ ቆሟል፤ ጎኑ ላይ የጥንካሬው ቁጥር ታትሟል፤ ቀለሙ አንድ ቦታ ተልጧል። እኔ አሁን ከነልብሴ ከ95 ኪሎ በላይ ነኝ። ያ ሞላ ዛሬ ለእኔም አይሆንም።